ከመስታወቱ ጀርባ

ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ለመስኮት ጠራኝ።
«እንግዳ አላስተኛ አለ የእንቁራሪት ጩኸት፤
ድፈንልኝ» ብሎ ባለቤቱ መራኝ
ከክፍል ወደ ክፍል፣ ሃያ ሁለት መስኮት።
ቀብዴን ተቀበልኩ።

በዚያው ሳምንት ደግሞ አቶቴ ካለው ሱቄ
ስኂን መጣች፣ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ፣
ጫማዋ ጭቃ፣ በእጇ የታጠፈ ወረቀት፣
ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የመስታወት ቤት።
«ለማን ነው?» አልኳት።
«ለሦስት እንቁራሪት።»
ቡሪሶ መቁረጫውን አስቀምጦ ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ፤ ግን ልኩን ጻፍኩ።

«ጀርባው ባዶ ከሆነ» አለች «ትጨነቃለች።
መስታወት ለሷ ግድግዳ አይደለም፣ አየር ነው፤
ትዘላለች፣ ትላተማለች።
ገደል ሥራልኝ።»

ገደል!
ዕድሜዬን ስደፍን የኖርኩት ሰውዬ፣
ስንጥቅ ባየሁ ቁጥር እጄን የሚበላኝ!

መስታወቱን አጋድመን ውሃ እፍ አልንበት፤
ጣሳው ተነቀነቀ፣ ቢጫው አረፋ ወጣ፣
ሲወጣ እንደ ትል፣ ቆይቶ እንደ ደመና፣
ማታ ጣት ያህል የነበረው
ሲነጋ ታቦርን አክሎ መጣ።
በቢላ ገመስነው፦ እርከን፣ ጉድጓድ፣ ዋሻ፤
ሲሊኮን ቀባነው፣ የሻጋታ መድኃኒት የሌለበት
(«በቆዳዋ ነው የምትጠጣው» ተብያለሁ)፣
ሳይደርቅ የእንሰት ቃጫ በመዳፍ ተጫንን፣
አፈር ነሰነስን፣ የዋንዛ ቅርፊት አስደገፍን።
ከዚያ አሥር ቀን ጠበቅን
የኮምጣጤው ሽታ ሱቁን እስኪለቅ።

በሦስተኛው ወር ደወለች። «ግድግዳው ተላጠ።»
ሄድኩ። ገደሌ ከመስታወቱ ተኳርፏል፤
በመሐል ውሃ ገብቶ ጠቁሯል፣ ሸትቷል።
ሁለቱ እንቁራሪቶች አሉ።
ሦስተኛዋ የለችም።

«ፎሙ ጊዜው አልፎበት ይሆናል» አልኩ፤
ከነጋዴ የተማርኳት መልስ ናት።
ቡሪሶ አየኝ። ዝም አለ።
ያውቃላ! ያን ቀን ለምሳ ቸኩዬ
መስታወቱን የወለወልኩት በዘይት ጨርቅ ነው፤
በአልኮል አልደገምኩ፣ በሸካራ ወረቀት አልፋቅሁ።
ቅባት ላይ የቆመ ተራራ
ስንት ቀን ሊቆም ነው?

ልገነጥለው ስለቴን ስሰድ
ከጀርባው ድምፅ መጣ፤ አንዴ፣
በር በጥፍር ሲንኳኳ የሚያህል።
ስለቴ ቆመ።
ስኂን በእጅ ባትሪ አበራች፦
እዚያው ክፍተት ውስጥ፣ መስታወቱን ተለጥፋ፣
ሆዷ የሚርገበገብ፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል፣
አጠገቧ እንቁላሏ፣ ጥቁር ነጥብ በጥርት ሙጫ።

«ዳር ዳሩን ጠግን» አለች «ይህን ተወው።»

ጠግኖ መተው አልተማርኩም።
የጠቆረውን በማንኪያ ፋቅን፣
መስታወቱን በአልኮል ሁለቴ ወለወልን፣
በስስ አረፋ፣ በቀጭን እንጨት ደግፈን፣
ከግራ ጥግ ግን ሁለት ጣት ባዶ።
ቡሪሶ በራሱ ጣት ለካው።

ስንጨርስ ነገርኳት። «ፎሙ ጤነኛ ነበር።
ጨርቁ ነው።»
«አውቃለሁ» አለች፤ «የእጅህ አሻራ ከነቅባቱ
መስታወቱ ላይ አለ።»
ሒሳብ አልጠየቅሁም፤ እሷም ላክፈል አላለች።

ሆቴሉንም ጨረስኩ። ሃያ ሁለቱንም።
አንድ ቀዳዳ አልተውኩ፣ ቀብድ በልቻለሁ።
የመጨረሻውን መስኮት ስገፋው መሽቶ ነበር፤
ከቄጠማው የተነሣው የሐዋሳ ሌሊት ሁሉ
ጠቅ አለና በአንዴ ጠፋ።
ባለቤቱ ደስ ብሎት ጨበጠኝ፤
እጁን ሲያላቅቅ ጣቴ ላይ ቢጫውን አየ።
«ይህ አይለቅም?»
«ይለቃል» አልኩ፣ «ቆዳው ሲላጥ።»