ገዥ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሙጋድን ሲያለብስ፣
ከትምህርት የወጣ ልጅ ደጃፌ ሲደርስ፣
እንደ ወትሮው ሁሉ ሶኬቱን ሰካሁት፤
ማጫወቻው በራ፤ ቀይ ጽሑፍ አየሁት።
ፉአድ አነበበው፦ «ይህ ዕቃ ታግዷል።»
«በማን?»
«በሠሪው፣ እትዬ ሉባባ። ለዘላለም ብሏል።»
ልጆቹ አስር ብራቸውን በጡጫቸው እንደጨበጡ
ወደ ላይ፣ ወደ እነ ሽኩር ጌም ቤት ተንጋግተው ወጡ።

ሦስት ዓመት ዕቁብ ጣልኩበት፣ በሳምንት በሳምንት፣
ሰኞ ገበያ ጭቃው ላይ፣ ሽንኩርት ስመዝን እስከ ምሽት።
ደርሶኝ ሐረጎን ወረድኩ፣ ኮምቦልቻ ገባሁ፣
ኑርዬ ከሚሉት ሰው ያገለገለ ገዛሁ።
ብሩን ቆጠረ፣ በምራቁ እያራሰ ጣቱን፤
ሁለት ሰው አቁመን ጻፍን ስምምነቱን።
ጥምዝምዙን መንገድ ስወጣ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፌ፣
ታክሲው ባንገጫገጨን ቁጥር በክንዴ ደግፌ።

ኑርዬ ግን ሆዱን ከፍቶት ኖሯል፤
የጠጠር ታህል ብረት ውስጡ በይዷል፤
ያልተከፈለበት እንዲበላ አስለምዷል።

አልዋሽም። ኋላ እኔም አውቄያለሁ፤
ፍላሽ ያንጠለጠለ ልጅ በሠላሳ ብር ሲጭን ቆሜ አይቻለሁ።
ሌብነት ነው? ነው። ሰው የደከመበት ነው፤
የሠራውም ኪራይ አለበት፣ እንደኔው ነው።
ይክሰሰኝ። ይጥራኝ። ዳኛ ፊት ልቁም፤
ቅጣቱን ቢቆርጡብኝ እጄን አላሸሽም።
ግን ማን ጠየቀኝ? ቃሌን ማን ሰማ?
በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ብሬ፣
ማን ገብቶ ቆለፈው በጨለማ?

አባቴ በሬ ሲሸጥ አይቻለሁ፣ ገበያው ዳር፤
ጥርሱን ገልጦ ያሳያል፣ ተዋጊም ከሆነ ይናገራል፣
ገመዱን ያስረክባል በምስክር።
በሬው የሰው እህል ቢበላ በዓመቱ፣
ካሳ የሚከፍል ያው ነው፣ ባለቤቱ።
ሻጩ በሌሊት መጥቶ፣
የገዥውን አጥር ጥሶ ገብቶ፣
የበሬውን ቋንጃ አይቆርጥም።
ይህን ላደረገ ሰው፣ በኛ አገር፣
ሽማግሌ እንኳ አይቀመጥም።

ፉአድ ጻፈልኝ። መለሱ። ተረጎመው፦
«ሲከፈት ‹እስማማለሁ› ተብሏል፤ ውሉ ይኸው።»
አርባ ገጽ ነው ውሉ፣ ውሉ የጠፋበት፤
የነካው ኑርዬ ነው፣ የእኔ ጣት የለበት።
«ዕቃው ያንቺ ነው» ይላል፣ «ውስጡ ግን የኛ ነው።»
ቤቱን ሸጦ በሩን ያስቀረ፣ ስሙ ማነው?

አንዲት ዲስክ ነበረችኝ፣ በሙሉ ዋጋ የገዛኋት፣
ከነላስቲኳ ከአዲስ አበባ ያስመጣኋት።
እሷንም አልቀበልም አለ።

ያን ማታ ቃሉን ሳገላብጠው አደርኩ።
ገዥ ማለት ሁለት ነው፦
አንዱ ቆጥሮ ከፍሎ የሚረከብ፣
አንዱ ሩቅ ተቀምጦ የሚያዝ።
እኔ ደረሰኝ አለኝ፤ እሱ ቁልፍ ይዟል።
ገዛሁት ስል ኖሬ፣
ለካ እሱ ገዝቶኛል።

ዳንቴል አልብሼዋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ
ቀይ ዓይኑ ብልጭ ይላል፣ እንደታሰረ ሰው በቁጣ።
እኔ ወደ ሚዛኔ ተመልሻለሁ።
ዛሬ አንዲት ሴት ሁለት ኪሎ ገዝታኝ፣
«ለአልጫም ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ።
ለአልጫ፣ ለቀይ፣ ብትፈልጊ ለጎረቤት፣ አልኳት፤
ያንቺ ነው እኮ፤
ድስትሽን ልከፍት
ሌሊት አልመጣም።