ቅምሻ

ልጄ ሲምቦ መጣች፣ እርሳሷን እየነከሰች፣
«እማ፣ ‹ቅምሻ› ማለት ምን ማለት ነው?» አለች።
የቤት ሥራ ነው፤ የቃል ፍቺ፣ ከዚያም ዐረፍተ ነገር፤
እኔ ደግሞ ቆሜያለሁ፣ በጅቡቲ መንገድ ዳር፣
ከሐብሐቡ ክምር ሥር።

ነፋሱ የአዳማ፣ አቧራ ያዘለ፣
አንድ ሾፌር ወርዶ «ቀይ ነው ወይ?» እያለ፣
ከበሮ ይመስል ሆዱን መታ መታ ቢያዳምጠው ጊዜ፣
ከጎኑ ቆርጬ ሦስት ማዕዘን ሰጠሁት፣ በቢላዬ ይዤ።

«ይኸውልሽ ቅምሻ፤ ሳይገዙ መቅመስ።»
ጻፈች። ቀና አለች።
«ግን እኮ እማ፣ ቁራጩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ቢሆንስ?»

ዝም አልኳት።
ቅምሻ እንደሚዋሽ በየትኛው ዐረፍተ ነገር ልንገራት?

አባቷ ገመዳ፣ የተሳቢ መኪና ሾፌር፣
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሚሌ፣ ገላፊ ሲያድር፣
መበለትነትን እኔ በትንሽ በትንሹ ቀምሻለሁ፤
ስልኩ «ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም» ባለ ቁጥር አልቅሻለሁ።
ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ስንት ወንበር እንደሚበቃ፣
ከእድሩ ሰው ማን በሌሊት ቀድሞ እንደሚነቃ፣
ሁሉን በልቤ ጨርሻለሁ።
ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ በጨለማ፣ ለክቻለሁ።

ደግሞ በማለዳ ጥሩምባው ከበር ይጮኻል፣
ለልጆቹ ሸራ ጫማ፣ ለእኔ ቴምር ይዞ ይገባል፤
የቀመስኩት ሞት ካፌ ሳይለቅ፣ አንገቴን ያቅፈኛል።

ዘንድሮ መኪናው ተሸጠ። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት።
ቀን ቀን ፓፓያውን ውሃ ያጠጣል፤ የጎረቤት ፍየል ያባርራል፤
ሌሊት ያንኮራፋል። እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት።
ለዚህ ቅምሻ አልነበረኝም፣
መኖሩን አልተለማመድኩም።
ድምፁ ቆም ሲል እጄን እልካለሁ፣ ካፍንጫው ሥር፣
ትንሽ ሞቅ ያለ አየር፣
ዳገት እንደያዘ ተሳቢ እንደገና ማጓራት እስኪጀምር።

ሾፌሩ ቀምሶ፣ ዋጋ ሰምቶ ሄደ፣ አመስግኖ፤
የተቀደደ ሐብሐብ አያድርም፤ የእኛው ሆኖ
ማታ በዘንቢል ይገባል።

ሲምቦ ግን እኔን አልጠበቀች። ስጠራርግ እኔ ቢላ፣
በደብተሯ ጽፋለች፦
«አባቴ ቅምሻ አይወድም። ሙሉውን ነው የሚበላ።»