የረሳኸው ዕቃ

ቆሜ ያደርኩበትን የመንታ እናት አልጋ፣
ለቅቄ ወጣሁ ገና ሳይነጋጋ።
ሁለተኛው ልጇ በእግሩ ቀድሞ መጥቶ፣
አስጨንቆን ነበረ፤ አለቀሰ ቆይቶ።
ከጣና በኩል ነፋስ፣ የደለል የዓሣ ሽታ፣
ዘምባባው ቅጠሉን ያራግፋል በዝግታ።

ነጯ ዲኤክሴ ካጥሩ ሥር ቆማለች፣
ግን አንድ ዓይኗ የለም፤ አፏን ከፍታለች።
ፓራፋንጎዋ ታጥፎ ጎማዋን ነክሶታል፣
የስድስት ዓመት እቁብ አስፋልት ላይ ፈስሷል።
በነጭ ገላዋ ላይ፣ ከፊት እስከ በሩ፣
የሌላ ሰው ቀለም፣ ሰማያዊ መስመሩ።

ማንም የለም።
ስልክ ቁጥር የለም፤
«ይቅርታ» የሚል ብጣሽ
ከዝናብ መጥረጊያው ሥር የለም።
ከስብርባሪው መሐል አንዲት ብርቱካናማ አነሳሁ፤
የኔዋ ፍሬቻ ነጭ ነው።
ኪሴ ከተትኳት፣ እንደ ከረሜላ።

ዘበኛችን ስሙ አለኸኝ ይባላል፤
ያን ሌሊት ግን የነበረኝ ስሙ ብቻ ነው።
«ጓ ሲል ሰምቻለሁ፤ ነጎድጓድ መሰለኝ» አለ
ጋቢውን እያስተካከለ።
በኅዳር። ያለ አንዲት ደመና።

ትራፊኩ መጣ፤ በሜትር ለካልኝ፤
ፕላኑን ነደፈ፤ «ምስክር አለ ወይ?» አለኝ።
ምስክርማ ሞልቷል። ዘምባባው ቆሞ አይቷል፣
ከመንገዱ ማዶ ጣናም ነቅቶ አድሯል።
ግን ሐይቅ አይፈርምም፤ ዛፍ ቃሉን አይሰጥም፤
ጣቢያው የሚጠይቀው ታርጋ ነው፤ ሌላ አይደለም።
ኢንሹራንሴም ቢሆን ለሦስተኛ ወገን ነው፤
እኔ ሁለተኛ ነኝ። አንደኛው የት ነው?

ሰማያዊ ፍለጋ ዞርኩ ሳምንት ሙሉ።
ባሕር ዳር ላይ ሰማያዊ ፈልጎ የሚያጣ የለም፦
ባጃጁ፣ የጀልባው ወገብ፣ የሱቁ ቆርቆሮ፣
የተማሪው ሹራብ፣
ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ራሱ።
ሁሉንም ጠረጠርኩ።
ከግሽ ዓባይ እስከ ድልድዩ ማዶ
የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር ጎንበስ እላለሁ፤
አንዲት የማዋለድኳት ሴት፣ ልጇን አዝላ፣
«ሲስተር፣ ምን ጠፋሽ?» አለችኝ።
ምን ልበላት?

ሽምብጥ ውስጥ ባቲ ላሜራ አለ፤ ይሁኔ ይሉታል።
ቁስሏን በመዳፉ ዳበሳት።
«ብረት ቂም አይዝም፣ ሲስተር» አለኝ፣
«ከውስጥ ቀስ ብለሽ ከመታሽው ይመለሳል።
የሚዋሸው ስቱኮው ነው።»
ዋጋውን ነገረኝ፦ የሁለት ወር ደሞዝ።

ከግቢው ጥግ ሸራ የለበሰ ፒክአፕ ቆሟል።
የሐይቁ ነፋስ ሸራውን ገለበው።
ሰማያዊ።
ጥጉ ተጨፍልቋል፤ በቁስሉ ላይ ነጭ።
የኔ ነጭ።

«የማን ነው?»
«የደንበኛ።»
«መቼ መጣ?»
ይሁኔ መዶሻውን አነሳ፤
የቀናውን ብረት እንደገና ያቃና ጀመር።

ምጥ የያዛት ሚስቱን ይዞ ሲከንፍ ይሆናል ብዬ፣
ምክንያት ፍለጋ፣ ጋቢናውን በመስታወት አየሁ።
የለውዝ ልጣጭ፤ የፀሐይ መነጽር፤
ሌላ የለም።

ስባሪዋን አወጣሁ፤ ካጎደለው ፍሬቻ አስጠጋኋት።
ገጠመች።

ታርጋውን መዳፌ ላይ ጻፍኩት፣
የልጅ መወለጃ ሰዓት እንደምጽፈው።
ጣቢያው ቅርብ ነበር፤ እግሬ ግን አልሄደም፤
ገና።
ከካርድ ጀርባ ብጣሽ ቀደድኩ፦
«የረሳኸው ዕቃ። ሲስተር ጥሩዘር።» ከሥሩ ስልኬን።
ስባሪዋን ጠቅልዬ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ሸጎጥኩለት፤
እሱ ያልተወልኝን ወረቀት
እኔ ተውኩለት።

ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ቁጥር ሲጠራ
ጓንቴን ሳላወልቅ በክርኔ አነሳዋለሁ።
እስካሁን የደወለው ሁሉ
ምጥ ነው።