ሦስት ግቢ፣ አንድ ባጃጅ

ዓይናዲስ እህቴ መጣች ከሞላሌ በጭነት መኪና፣
በአንድ እጇ ሰነድ ይዛ፣ በአንድ እጇ ባና።
አባታችን ሸጦ የጓሮ ባሕር ዛፍ፣
ብሩን ሰፍቶላታል በኮቷ ገበር ጫፍ፤
«ለትምህርት ነው» ብሏል፣ «ለሌላ አይፈታ»፤
ክሩን በጥርሱ በጥሶ የቋጠረው ማታ።

እኔ ደብረ ብርሃን ባጃጅ ነው ሥራዬ፣
ከጠባሴ በኩል ነው መነሻዬ፤
መንገዱን አውቃለሁ፣ ጉድጓዱን በስሙ፣
ኮሌጁን የማውቀው ግን በግንብ ቀለሙ።
«ነርስ ልሆን» አለችኝ። አልኋት «እሺ፣ ግቢ፤
ዛሬ በነጻ ነው፣ ዞረሽ አገናዝቢ።»

የመጀመሪያው ግቢ መስታወት በመስታወት፣
በሩ ላይ ተሥላለች ነጭ የለበሰች ወጣት፤
ጥርሷ እንደ ወተት፣ አንገቷ ላይ የልብ ማዳመጫ፣
ከሥሯ «ቦታው ሳይሞላ» የሚል ትልቅ መግለጫ።
መዝጋቢው በከረባት፣ ሽቶ የታጠነ፣
«እዚህ የገባ ሁሉ» አለን፣ «ሰው ሆነ።»
«ልምምዱ የት ነው?» ብላ ዓይናዲስ ጠየቀች፤
«አሻንጉሊት አለን» አለ፣ «ከውጭ የመጣች፤
ትንፋሽ አላት እኮ፣ ልቧም ይመታል፤
ከሷ የተማረን ማን ሰው ይረታል?»
እህቴ ዝም ብላ ያችን አሻንጉሊት አየች፤
«ይቺ» አለችኝ ስንወጣ፣ «"አመመኝ" ብላ ታውቃለች?»

ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ ከእህል በረንዳው በላይ፣
መስኮት የለውም ክፍሉ ሰማይ የሚያሳይ።
«ቅዳሜና እሑድ ብቻ፣ በስድስት ወር እንጨርሳለን፤
ወረቀቱን ያዢ እንጂ ሌላውን እኛ እናውቃለን»
አለ ሰውየው፣ ደረሰኝ እየቀደደ፤
የእህቴ እጅ ወደ ገበሩ ሄደ።
እኔም፣ አልዋሽም፣ ልቤ ሸፈት አለ፣
ለአባቴ ግማሹ ዛፍ በተረፈለት፣ እያለ።
«የብቃት ምዘናውስ?» አለችው። ሳቀ።
ያ ሳቅ ነው ያዳነን፤ ልቤም ከዚያ ራቀ።

አምና ነው። አክስታችን እቴነሽ ሆስፒታል ተኝታ፣
ዓይናዲስ አሥራ አንድ ሌሊት ኮሪደር ላይ አንግታ፣
ጠብታ ትቆጥር ነበር ከግሉኮሱ ጠርሙስ፣
ሲቆም ሮጣ ለመጥራት፣ ሲወርድ ለመመለስ።
አንዲት ነርስ ነበረች፣ ስሟን ሳንጠይቃት የቀረች፣
አክስቴን ከመንካቷ በፊት እጇን እፍ ብላ የምታሞቅ።
ይኸው ነው። ሌላ ታሪክ የለም።

ሦስተኛውን ግቢ ያገኘነው ተሳስተን፣
ወደ አንኮበር መውጫ ጎማ ተንፍሶብን።
የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ማስታወቂያው የደበዘዘ፣
ግድግዳው ከዓመት ዓመት ክረምት ያረገዘ።
ታኅሣሥ ነው፤ ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶታል፣
ውሃው ከቧንቧው ጫፍ ላይ ረግቶ ተይዟል።
ሰባት ተማሪዎች ከሌሊት ተራ ወጥተው፣
ከበርሜል በጆግ ቀድተው፣ በየተራ ታጥበው፣
እስከ ክርናቸው ድረስ፣ በዚያ አጥንት በሚበላ ውሃ፤
አንዷ ትጮሃለች፦ «ሸዋ ሮቢት መድቡኝ፣ ይሻላል በረሃ!»
እህቴ እጃቸውን አየች፤ እኔ እሷን አየሁ፤
አይበሉባቸው ተሰነጣጥቋል፤ የአጫጅ እጅ ነው፣ አውቀዋለሁ።
«በቀን ስንቴ ትታጠባላችሁ?» አለች አንዷን ጠርታ፤
«በነካሁት ሰው ቁጥር፤ ከጠዋት እስከ ማታ።»

ዋጋው ከርካሹ ይበልጣል፣ ጊዜውም ይረዝማል፤
«አስቢበት» አልኳት፣ «ነገም ይደረሳል።»
መልስ አልሰጠችኝም። ኮቷን አውልቃ ገለበጠች፣
ከልጅቷ መቀስ ተውሳ የአባቴን ክር ፈታች።
ያቺም ስለቱን ወደ ራሷ ይዛ ሰጠቻት በእጀታው፤
እኔ ነኝ ያየሁት፣ ጎማዬን ስፈታው።

ጎማው ተገጠመ። እጄ በግራሶ ጠቁሮ
ሰነዷን ልይዝላት ስል፣ «ተው!» አለች፣ ድምጿ ተቀይሮ፤
«ታጠብ።»

ከበርሜሉ ቀዳሁ። ውሃው እንደ መርፌ ወጋኝ።
መሪውን በደነዘዘ ጣት ይዤ ቁልቁል ስነዳ፣
ከኋላዬ ሰማኋት፣
መዳፏን እፍ፣ እፍ ስትል።