የመጨረሻው ሐብሐብ

ማርጊላን ገበያ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
እናቴ ሳኖባር፣ ከዋጋ የማትታረቅ፣
ላንድ እስር ሽንኩርት ስትሟገት የዋለች፣
ካንድ ሽማግሌ ፊት ድንገት ዝም አለች።
አንድ ሐብሐብ ቀርቶታል፣ ጎኑ የተሰነጠቀ፣
ሚኒባሱ ሊሄድ ነው፣ መንገዱም የራቀ።
የጠራውን ከፈለች፣ ሳንቲም ሳትቀንስ፤
«ይግባ እንጂ ወደ ቤቱ፣ ሳይመሽበት ይድረስ።»

ሄድቪግ ሚስቴ፣ የጎተንበርግ ልጅ፣
ሐብሐቡን አየችው፣ ከዚያ የሰውየውን እጅ።
«ማነው የለቀመው? ምንስ ተረጨበት?
ልጆች ከትምህርት ቀርተው ነው የሠሩበት?
ጠይቅልኝ» አለች። እኔ በሁለቱ መሐል
አስተርጓሚ ነኝ፤ ምላሴ ይዋሻል።
«ይጣፍጣል ወይ? ትላለች» አልኩት ሽማግሌውን፤
ሳቀና በጣቱ አንኳኩቶ አሰማን ሆዱን።

«ምነው መረመረችው? ሌባ ነው የመሰላት?»
«ምነው የተሰነጠቀ? ጤነኛ ሐብሐብ ጠፋት?»
አንዷ በቀኝ ጆሮዬ፣ አንዷ በግራዬ፤
ከሐብሐቡ ይልቅ በቃል ጎበጠ ትከሻዬ።

ጥር ላይ መጣች እናቴ፣ ከነሹራቧ፣ ከነጓዟ።
ሱቅ ገባን። ሚስቴ ማኅተም ትፈልጋለች ከሙዟ፤
አረንጓዴዋን ክብ ስታገኝ ፊቷ በራ፣
እጥፍ ዋጋ ልትከፍል፣ ሳታመነታ፣ ሳትፈራ።
«ይሄ ማኅተም የማን ልጅ ነው? ቤቱን ታውቂዋለሽ?
ሲታመም ጠይቀሽ፣ ልጁን ሲድር በልተሽ?»
«አላውቀውም» አለች ሄድቪግ፣ «እሱ ነው ቁም ነገሩ፤
የማላውቀው ሰውም ጠግቦ እንዲያድር በሀገሩ።»
እናቴ አሰበች። መክፈያው ማሽን ነው፣ ሰው የለም፤
ማሽኑን መረቀችው፤ ሳትመርቅ ገዝታ አታውቅም።

ማታ ልብስ ስናጥፍ የሚስቴን ሸሚዝ አነሳች።
ከአንገቱ ሥር የተሰፋችውን ምልክት
ማንበብ አትችልም፤ ጨርቁን በጣቷ አሸችው።
«ጥጥ» አለች። ይህችኑ ብቻ።

ሄድቪግ እጇ ላይ የነበረውን አስቀመጠች።
«አንቺ ለቅመሻል?»

አርባ ዓመት ልጇ ነኝ።
የማንንም ሽማግሌ መሳፈሪያ የምታስብ እናቴን
እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

እጇን ከመብራቱ ሥር ዘረጋችው።
የጥጥ ፍሬው ቅርፊት የበጣው፣
ከጥፍሯ ሥር እስከ አንጓዋ፣ ቀጭን ነጭ መስመር።
«አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር» አለች።
«መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።
ሚዛኑ አይዋሽም ነበር። መዛኙ እንጂ።»

«ምን አለች?» አለችኝ ሚስቴ።
ነገርኳት፤ ሳላለዝብ።

ያ ሐብሐብ ትዝ አለኝ።
ቤት ወስደን ስንቆርሰው ውስጡ ነጭ ነበር፣
ጣዕም የለው።
ሦስታችንም ዝም ብለን በላነው።