አንድ ጥርስ

እስከ ሃምሳ ድረስ ጨዋ ናት፣ ዝም ትላለች፤
ስድሳ ስትገባ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ትርገፈገፋለች።
መሪው እጄ ላይ ያብዳል፣ የመስኮቱ መስታወት ያጨበጭባል፣
ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ቀስ በል» ማለት ይጀምራል።

አምና ነው ያስረዘምኳት፤ አራት ጣት ሙሉ፣ ባሌስትራ አስደርቤ፣
የሊማሊሞ ድንጋይ ሆዷን እንዳይነካት አስቤ።
ሰፊ ጎማ አጫማኋት፤ ፒያሳ ያለፈ ሁሉ ዞሮ አያት፣
እኔም ከላይ ሆኜ አየሁ፤ ከታች ግን ማን ጠየቃት?

ጎማውን ወቀስኩት፤ አስመዘንኩ፣ እርሳስ አስለጠፍኩ፣
የአርማጭሆን መንገድ ሰደብኩ፣ ባሌስትራ የሠራልኝን ረገምኩ።
ክሮቼራ ቀየርኩ፤ ሁለት። ሦስተኛው በሳምንቱ ተበላ፣
ሲፈታ፣ ቆቡ ውስጥ መርፌው ደቆ ቀይ ዱቄት ሞላ።
የአስጎብኚዎቹ ጥርስ ውስጥ ገባሁ፤
የስሜኑ ጉዞ ለሌላ መኪና ተሰጠ፣
እኔ ማራኪ ቆሜ ስጠብቅ፣ የባንኩ ዕዳ አፈጠጠ።

አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ፣ ቆርቆሮ የከለለው ጋራዥ አለ፤
አጣናው ይባላል ሰውዬው። «ንዳና አሳየኝ» እንኳ አላለ፣
ጆንያ አንጥፎ ከሥሯ ተንከባለለ።
ቆየ። አንዴ ባትሪ አለ። አንዴ ጨርቅ ጠየቀ።
ረዳቱ ጥሩዓለም ተንበርክካ አቀበለችው፤ ዝምታው አስጨነቀ።
ከዚያ ድምፁ ከታች መጣ፦ «ይህን ካርዳን ማን ነው የገጠመው?»
«እንጃ፣ ደባርቅ ያለ አንድ ልጅ» አልኩ፣
ውሸቱ ምላሴን ሳይቆጠቁጠው።

«ና ግባ» አለኝ። ገባሁ።
በጀርባዬ ተኛሁ፤ የዘይት ጠብታ ግንባሬ ላይ።
ባትሪውን ወደ ሁለቱ ሹካዎች አዞረ፦
«እያቸው፤ በሁለቱ ጫፍ ናቸው እንጂ አቋማቸው አንድ መሆን አለበት፣
አንዱ አንገቱን ሲደፋ፣ ሌላውም በዚያው ቅጽበት።
ያ የደባርቁ ልጅ...» አለና ዝም አለ፤ ጨለማው ሳቁን ከለለው መሰለኝ፤
«አንድ ጥርስ ስቶ አስገብቶታል። ይኸው ምልክቱ» አለኝ።

ነጭ ቀለም ነበር፤ ጥፍር የማታክል፣ ሁለት ነጠብጣብ፣
እኔው የቀባሁት፤ ኮላ ድባ፣ ጭቃ ውስጥ፣
ፈትቼ ስገጥም፣ በዝናብ፣ በርሃብ።
አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ፤
በአንድ አጥር እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች።

ቁመቱም ከደሙ ንጹሕ አልነበረም፦
«ሞተሩን ይዘህ ወጣህ፣ አክሰሉ እዚያው ቀረ፤
መሐል ያለው ብረት፣ ማንም ሳይቆርጠው አጠረ።»
ጥሩዓለም ከቶርኖ ቤት ተመለሰች፣
ሁለት ጣት የሚወፍር፣ ገና ያልበረደ ቀለበት ይዛ።
ከባሌስትራው ሥር ሽብልቅ አስገባን፣
የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ትንሽ ቀና ለማድረግ፤
«ብዙ አታቅናው፤ እሱ ሲቀና መሪው ይሰንፋል።
ሁሉን የሚያስደስት ማዕዘን የለም፤
የሚያስማማ ነው የሚፈለግ።»

ማታ ወደ ጠዳ ነዳኋት። ሃምሳ። ስድሳ። ሰባ።
ጥሩዓለም ከጎኔ፣ መዳፏ በግሪስ የተቀባ፣
ወለሉ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ በእግሯ ታዳምጣለች፤
«ሰባ አምስት ላይ ትንሽ አለች» አለች።
እውነቷን ነው፤ ትንሽ አለች።

ስንመለስ ሒሳብ ጠየቅኩ። የቀለበቱን ነገረኝ፣ የሽብልቁን፣
እጁን በናፍጣ እየታጠበ፣ የቶርኖውን፣ የግሪሱን።
«የጥርሱስ?» አልኩ።
«እሱን እንኳ» አለ፣ «ለደባርቁ ልጅ ንገርልኝ፤
ቀለሙን በደንብ ቀብቷል፤ ሲገጥም ነው የቸኮለብኝ።»