«ሌላ» የሚለው ዓምድ

ሲያጠብቋት ጌንት፣ ሲያላሏት ገነት፤
ለኔ ግን ከተማዋ አንዲት ወንበር ናት፣
ከመስታወቱ ፊት፣ ጣሪያው በሚያፈስበት ጥግ።
ጭኔ ላይ ሰሌዳ፣ ጣቶቼ መሀል እርሳስ፣
በየአምስት ደቂቃው አንድ መስመር ላሰምር፣
ያደረጉትን ልጽፍ፣ ያላደረጉትን ልቆጥር።

ዓምዶቹ ጠባብ ናቸው፦ በላ። ተኛ። ወጣ።
ቅማል ለቀመ። ተጣላ። ታረቀ። ጠጣ።
ፀጉሩን ነጨ። የተፋውን መልሶ ዋጠ።
ከዳር የመጨረሻው፣ ከሁሉም የቀጠነ፣
«ሌላ» የሚል፣ እስካሁን ባዶ የሆነ።

አምና ቤታቸው ነጭ ሴራሚክ ነበር፣
እንደ ሥጋ ቤት በጎማ ቱቦ የሚታጠብ፤
ዘንድሮ ሣር አለ፣ ገመድ አለ፣ ግንድ አለ፣
ድንጋዩ ሲሚንቶ ነው፣ ሽበቱ በብሩሽ የተቀባ፤
ፏፏቴው ጠዋት ሦስት ሰዓት በቁልፍ ይከፈታል፣
ማታ አሥራ አንድ ላይ ሊቨን ይዘጋዋል።

ቁጥሩ መልካም ነው፤ አልዋሽም።
ፍራንስ ክንዱ ላይ ፀጉር አበቀለ፣
ሁለቱ እህትማማቾች ቅርንጫፍ አጥፈው
ማንም ሳያስተምራቸው አልጋ አነጠፉ፤
ያ ጎረምሳው ሚል ከጥቅምት ወዲህ
የተፋውን አልዋጠም።
ጎብኚዎች ግን ይቆጣሉ፦
«ከፍለን ገብተን! የት ሄዱ?» ይላሉ፤
አንዲት ሴትዮ ልጇን እንዳዘለች
መስታወቱን በቀለበቷ መታች።
መደበቂያ ተሰጣቸው፣ ተደበቁ፣ ይኸው ነው።
በኔ ወረቀት ላይ «አልታየም» ማለት ደግ ዜና ነው።

ኦዴት ብቻ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሴራሚክ ላይ ኖራ
በሩ ሲከፈትላት አሥራ አንድ ቀን ደፉ ላይ ቆመች።
ሣሩን በጣቷ ጀርባ ነካ አድርጋ
እጇን አሸተተችና ተመለሰች።
«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ያለችው ዝንጀሮ
የወጋት እሾህ ነው፣ ይነቀላል፤
ይህችን የወጋት የክፍሏ ልክ ነው፣
በየትኛው ወረንጦ?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወጣች።
ወጣችና በሰፊው መስክ መሀል
አራት እርምጃ ወደ ግራ፣
ዞራ
አራት እርምጃ ወደ ቀኝ፣
ዞራ፣
የሌለ ግድግዳ በትከሻዋ እየታከከች።
ሣሩ እዚያ ጋ፣ በአራት እርምጃ ርዝመት፣ ሞተ፤
አትክልተኛው ሁለት ጊዜ ዘራበት፣ ሁለቴም ሞተ።
«ተራመደ» በሚለው ሥር ምልክት አደረግሁ፣
ሰረዝሁት። መልሼ አደረግሁ።

ትናንት ማታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣
ፏፏቴው ድንገት ዝም አለ።
ሌሎቹ ወደ መኝታ ገብተዋል።
ኦዴት መመላለሷን አቋርጣ መጣችና
የሲሚንቶውን ድንጋይ በጣቷ አንጓ አንኳኳች፣
ጆሮዋን ለጠፈች።
ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ከበሮ ይመልሳል።
ገብቷታል። ከጎብኚው ሁሉ ቀድማ
ተራራው ቤት መሆኑን አውቃለች፣
በውስጡም ሰው እንዳለ።
ሊቨን ከነመፍቻው ከፓምፑ አጠገብ፣
ያንን ሴራሚክ ሲያጥብላት ያረጀው ሊቨን፣
ትንሽ ቆየና
ከወዲያ በኩል ሁለቴ አንኳኳ።

ቁጭ አለች።
እስኪጨልም ድረስ አልተነሳችም።
እርሳሴን ወደ ቀጭኑ ዓምድ ወሰድሁት፤
ቦታው አንድ ቃል አያስገባም።
ነጥብ ብቻ አኖርሁበት፣
ከጣሪያው አንዲት ጠብታ ወርዳ አሰፋችው።